አንሙት እና የሰላዩ ጃንጥላ

የመምህር አንሙትን ሞት በስልክ ያረዳኝ አንድ የጥንት ተማሪዬ ነው። ተማሪያችን ብል ይሻላል፤ እኔም አስተምሬዋለሁ፣ አንሙትም አስተምሮታል። አሁን ጡረታ የወጣ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ነው። «እትዬ ብርቄ፣ ጋሼ አንሙት ዐረፉ» አለና አለቀሰ። እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ቆምሁ። ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ። ወደ ልቤ ቀድሞ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ስሞት ይኼ ልጅ እንዲህ ያለቅስልኝ ይሆን?

አያለቅስም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቀብር ይመጣል፣ «ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ» ይላል፣ ንፍሮውን ቀምሶ ይሄዳል። እንባው ለአንሙት ነው። ከአንሙት ጋር ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ ነገሩ እንዲሁ ነበር፤ መከበሩ ለእኔ፣ መወደዱ ለእሱ።

ዳንግላ የመጣሁት በኃምሳዎቹ አጋማሽ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ፣ ሻንጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። እንግሊዝኛ እንዳስተምር ነበር የተመደብሁት። በዚያን ጊዜ ሴት አስተማሪ በአካባቢው ብርቅ ነበረች፤ ገበያ ስወጣ ሰዎች «መምህርቷ ትለፍ» እያሉ መንገድ ይለቁልኝ ነበር። ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ብድግ ይላሉ፤ ተቀመጡ እስክላቸው ድረስ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ለአንድ ዓመት ያህል በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከእኔ በላይ ስሙ የሚነሳ አስተማሪ አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት አንሙት መጣ።

አንሙት ከእንጅባራ ወዲያ፣ ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ከሚኖሩ የአገው ገበሬዎች የተወለደ ነው። ቀጭን፣ አንገቱ ረጅም፣ ፈጣን ሰው ነበር። የሚያስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ሲያስብ ማጅራቱን የማከክ ልማድ ነበረው፤ ጠመኔውን ከእጁ ስለማያስቀምጥ የኮቱ ኮሌታ ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት የለበሰ ነው። በኪሱ ቆሎ አይጠፋም። ተማሪ ጥያቄ ሲመልስ አንድ ጭብጥ ይዘግንለታል፤ ሲሳሳትም ይዘግንለታል። «የሳተ ልጅ ይርበዋል» ይል ነበር። እኔ ለሳተ ልጅ የምሰጠው ሌላ ነገር ነበረ።

እኔ «እርስዎ» ስለው እሱ ገና በሳምንቱ «አንቺ» አለኝ። ቅር ብሎኝ ዝም አልሁት። ኋላ ሳየው የአጥቢያውን ዳኛም፣ የወፍጮ ቤቱን ባለቤትም እንዲያው ነው የሚያናግር፤ ማንም አይቀየመውም። በእኔ አፍ ቢወጣ የሚያጣላ ቃል በእሱ አፍ ሲወጣ ሰላምታ ይሆናል።

አንድ ቀን እኔ የእንግሊዝኛ ግሦችን በቃል አስጠናለሁ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ተከትለውኝ ሲሉ ሲሉ ድምፃቸው ሳሳ። ዘወር ስል ግማሹ አንገቱን ወደ መስኮት አስግጓል። አንሙት ክፍሉን ይዞ ግቢ ወጥቷል፤ እሳት አንድዶ ረመጥ ውስጥ ድንች ቀብሯል፤ ተማሪዎቹ ከበውት ቁጢጥ ብለዋል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ድንች «ጧ!» ብሎ ፈነዳና አመዱ ተበተነ። ልጆቹ ጮኹ። «አያችሁ?» አላቸው፣ «ምድርም ሆዷ ሲግል እንዲህ ታደርጋለች። ዘንገና ድሮ እንዲህ ፈንድቶ የቀረ ጉድጓድ ነው፤ ጥርባ ሐይቅም እንዲሁ። በኋላ ውኃ ሞላበት። አሁን ድንቹን ብሉት።»

የእኔ ተማሪዎች ያን ቀን ግሥ አልተማሩም። እንዲያውም እስከ ዓመቱ መጨረሻ እሳተ ገሞራ ምን እንደሆነ ከጂኦግራፊ ክፍል እኩል ያውቁ ነበር። ለዳይሬክተሩ «ጭሱ ያስቸግረኛል» ብዬ አመለከትሁ። ጭሱ አልነበረም ያስቸገረኝ።

አንሙት እንግሊዝኛው ደካማ ነበር። ይኼን እዚህ የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው። «ሺፕ» ሲል መርከብ ይሁን በግ አይለይም። አንዳንድ ጊዜ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ «ብርቄ፣ ይኼ ቃል ምን ማለት ነው?» ይለኛል፤ እኔም እነግረዋለሁ። ያ የእኔ ብቻ የሆነ ነገር ነበር፤ በዚያ እጽናና ነበር።

ያን ነገር የነካብኝ ፊልሙ ነው።

አንድ የጥቅምት ሰሞን የፊልም መኪና ዳንግላ ገባ። ከአገር አገር እየዞረ ስለ ዝንብና ስለ መጸዳጃ ቤት የሚያስተምር ፊልም የሚያሳይ መኪና ነው። ሕዝቡ ለዝንቡ ብቻ ስለማይመጣ ከበስተኋላ አንድ የሚያዝናና ፊልም ይጨምሩበታል። ያን ጊዜ የመጣው በሰላዮች ላይ የሚቀልድ ፊልም ነበር። ዳይሬክተራችን ደግ፣ ግን ፈሪ ሰው ነበሩ፤ አስተማሪዎቹን ሁሉ ሰበሰቡን።

«የመኪናው ሰው እንደነገረኝ ፊልሙ ሳቅ በሳቅ ነው» አሉ። «ግን ሽጉጥ አለበት። መሳሳምም አለበት። ለጎረምሶቻችንና ለኮረዶቻችን ይሆናል አይሆንም? እስቲ ምከሩበት።»

እጄን ቀድሜ አወጣሁ። «አይሆንም» አልሁ። «ልጆቹ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ያዩትን ሁሉ ካላደረግን ይላሉ። በበር ቀዳዳ ማየት፣ የሰው ወሬ ማድመጥ፣ ስም ቀይሮ መዋሸት፣ የሚማሩት ይኼን ነው። ነውር የሆነውን ነገር እያሳቅን ካስተማርናቸው በኋላ በምን አፋችን እንቆጣቸዋለን?»

ያልሁትን ከልቤ አምንበት ነበር፤ ዛሬም ግማሹን አምንበታለሁ። አስተማሪዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሸነፍሁ ብዬ ሳስብ አንሙት ማጅራቱን ማከክ ጀመረ።

«ብርቄ ያለችው እውነት ነው» አለ። ሁልጊዜ ሊያፈርሰው ያሰበውን ነገር እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። «ልጅ ያየውን ያደርጋል። ግን የዚህ ፊልም ሰላይ ሲወድቅ፣ ሲነሳ፣ ሲዋረድ ነው አሉ የሚታየው። በሰላይ የሳቀ ልጅ ሰላይ አይሆንም።»

ዳይሬክተሩ በሩ መዘጋቱን ዘወር ብለው አዩ። ያን ሰሞን በመሬት ግብር ነገር ሰው ሁሉ ያጉረመርም ነበር፤ ጠጅ ቤት ውስጥ አንድ ቃል ያመለጣቸው ሁለት ገበሬዎች ተወስደው ከስንት ጊዜ በኋላ አጥንታቸው ወጥቶ ነው የተመለሱት። ስለዚህ ሰላይ የሚለው ቃል በዳንግላ እንደ ዘበት የሚነሳ ቃል አልነበረም። ሆኖም አንሙት ይኼን ካለ በኋላ «አይታይ» ማለት ለሰላይ መቆርቆር መሰለ። ይታይ ተባለ።

«የሚተረጉም ያስፈልገናል» አሉ ዳይሬክተሩ። ዐይናቸው ወደ እኔ ሲመጣ ቀና ብዬ ተቀመጥሁ። «ወይዘሪት ብርቄ፣ እንግሊዝኛው የእርስዎ ነው። ግን ከገጠር ወላጆች ይመጣሉ፤ አገውኛ የግድ ነው። አንሙት ይሁን፣ አይቀየሙም?»

«ኸረ ምን ቅያሜ አለው» አልሁ። ቤቴ ገብቼ ግን እራት አልበላሁም።

ፊልሙ የታየው ቅዳሜ ቀን ከገበያ በኋላ ነው። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስና በጋቢ ተሸፈኑ። ተማሪው ፊት መሬት ላይ፣ ወላጆች ከኋላ በወንበር፣ የቀረው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ሞላው። የመብራቱ ሞተር ውጪ ይንተከተካል። አንሙት ከነጩ ሸራ አጠገብ ቆመ።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንድ ሰላይ ከአንድ ጄኔራል ቤት ምሥጢር ለመስረቅ ይላካል። አስተናጋጅ መስሎ ይገባል፤ ሰው ሠራሽ ጢሙ ከሾርባው ውስጥ ይወድቅና ጄኔራሉ በማንኪያ ዝቆ ይበላዋል። አሮጊት ይሆናል፤ ሽማግሌ ያፈቅረዋል። ሐውልት ይሆናል፤ ርግብ ታርፍበታለች። ጃንጥላው ውስጥ ሬዲዮ ተደብቋል፤ ዝም ማለት ባለበት ጊዜ ሁሉ ሙዚቃ ይጀምርበታል። አንሙት ይኼን ሁሉ በአማርኛ ይላል፣ ቀጥሎ በአገውኛ ይላል። ሰውየው ሲናገር ድምፁን ያጎረንናል፤ ሴቲቱ ስትናገር ያቀጥናል። መሳሳሙ ሲመጣ ወደ ፊልም ማሳያው ሮጦ ባርኔጣውን መብራቱ ፊት ጋረደና «አሁን ምሥጢር እየተነጋገሩ ነው፤ ለእኛ አይነግሩንም» አለ። ወላጆቹ «እሰይ!» አሉ፤ ኮረዶቹ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ተንፈቀፈቁ።

ከሦስት ቃል ሁለቱን ራሱ ነው የሚፈጥረው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ይኼን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ሰላዩ «ደህና አመሹ» ሲል አንሙት ሙሉ ታሪክ ያወራለታል። እጄን አጣምሬ ተቀምጬ ስሕተቱን እየለቀምሁ ነበር፤ አዳራሹ ደግሞ በሳቅ ይፈርሳል።

ከዚያ ያች ነገር መጣች። በጠራራ ፀሐይ ሰላዩ ጃንጥላውን ዘርግቶ በአትክልቱ መሐል ይሄዳል። ሴቲቱ «ዛሬ ይዘንባል እንዴ?» አለችው። እሱም «እመቤቴ፣ በእኔ ሥራ ሁልጊዜ ይዘንባል» አላት። ያለው ይኼን ብቻ ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንሙት ማጅራቱን አከከ። ከዚያ ድምፁን አጎርንኖ «በበጋ ጃንጥላ የያዘ ሰው የሚጠብቀው ዝናብ አይደለም፤ ወሬ ነው» አለ።

ዳንግላ ውስጥ አቶ ጌጡ የሚባል ሰው ነበር። ነጋዴ ነኝ ይላል፤ ሲሸጥም ሲገዛም ያየው የለም። ጠጅ ቤት ጥግ ይዞ በአንድ ብርሌ ይውላል፤ ሲገባ ወሬው ይቆማል፣ ሲወጣ ይቀጥላል። ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ ከእጁ አይለይም። ያን ሰዓት ከአዳራሹ በስተኋላ ጃንጥላውን ተመርኩዞ ቆሞ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ልጅ ዘወር አለ። ቀጥሎ አንድ ረድፍ ዘወር አለ። ከዚያ ሳቁ ከፊት ተነስቶ እስከ ኋላ እንደ ጎርፍ ወረደ። አንሙት በአገውኛ ሲደግመው ደግሞ ገበሬዎቹ ጭናቸውን መቱ፤ በአማርኛ የሳቁትም እንደገና ሳቁ። አጠገቤ የተቀመጠችውን ተማሪ «በአገውኛ ምን ጨመረበት?» ብዬ ጠየቅኋት። ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ አላናግር አላት። እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ያች አባባል በሳምንቱ የከተማው ምሳሌ ሆነች። ጎረምሶቹ ዱላ በክንዳቸው አንጠልጥለው ከአቶ ጌጡ በስተኋላ ይሰለፋሉ፤ ዘወር ሲል ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ጠጅ ቤት ሲገባ ከአንዱ ጥግ «ደመናው ከበደ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ባለበት ሳቀ። ሰውየውን ማን ሊፈራው?

ክሱ ለመምጣት አልዘገየም። ላይ ላዩ የተባለው «ወጣቶችን የሚያባልግ ፊልም ታየ» ነው። ከአውራጃው አንድ ሹም መጡ፤ ሽበታም፣ ቃላቸው የለሰለሰ ሰው። በዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠሩኝ።

«ወይዘሪት፣ እንግሊዝኛ አዋቂ እርስዎ ነዎት አሉ። ስለ ጃንጥላ የተባለው ነገር ፊልሙ ውስጥ አለ? ወይስ መምህሩ ከራሱ ያወጣው ነው?»

ዳይሬክተሩ መሬት መሬቱን ያያሉ። ቃሏ በጆሮዬ ውስጥ ነበረች፤ ሁልጊዜ ይዘንባል፣ ሁልጊዜ ይዘንባል። አንድ ቃል ብናገር አንሙት የለም። ግቢው ውስጥ ድንች አይፈነዳም፣ የልጆቼ አንገት ወደ መስኮት አይዞርም። ይኼ ሁሉ በልቤ አለፈ፤ አላለፈም አልልም።

«ጌታዬ፣ እንደገና ካላየሁት በቀር ቃል በቃል አላስታውስም» አልሁ።

«መልካም። እንደገና ይታያል። የሚተረጉሙትም እርስዎ ነዎት። ለወጣት የሚገባ መሆን አለመሆኑን ያን ጊዜ እንፈርዳለን።»

መኪናው ወደ አዲስ ቅዳምና እንጅባራ ዘልቆ ነበር፤ ሲመለስ ዳንግላ ላይ እንዲቆም ታዘዘ። መኪናው ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ አንሙት የተከራየሁበት ግቢ መጣ። አልገባም አለ፤ አጥሩን ይዞ ቆመ። በእጁ ጠመኔ የለም፤ ማጅራቱን ግን ያክካል።

«ብርቄ፣ እንዳለ ተርጉሚው» አለኝ። «የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ። በእኔ የተነሳ ጣጣ እንዳይነካሽ። እናትሽ ያለሻት አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እርስዎስ እናት የለዎትም?»

«አለችኝ። እሷ በእኔ መደንገጥ ለምዳለች» ብሎ ሳቀ። በኪሱ ገብቶ ቆሎ ዘግኖ በአጥሩ ላይ ሰጠኝና ሄደ። አድኚኝ የሚል ቃል አልወጣውም። ለምኖኝ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በዚያች ሰዓት ከእሱ ከፍ ብዬ እቆም ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሹሙ፣ የፖሊሱ አዛዥ፣ አንድ መሪጌታ፣ ዳይሬክተሩና ሁለት የወላጅ ተወካዮች። አቶ ጌጡ ግድግዳ ሥር ቆሟል፤ ያን ቀን ጃንጥላውን አልያዘም። ተማሪ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ ግን ብርድ ልብሱ ከተጋረደባቸው መስኮቶች ውጪ ሹክሹክታቸው ይሰማኛል። ከነጩ ሸራ አጠገብ ቆምሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ስፈልገው የኖርሁት ቦታ ነበር።

ቃል በቃል ተረጎምሁ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ጢሙ ሾርባ ውስጥ ወደቀ፤ ማንም አልሳቀም። መሪጌታው ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ጢሙ የማን ነው?» አሉኝ። «የአስተናጋጁ ነው፣ አባ፤ እውነተኛ ጢም አይደለም» አልኋቸው። «እና ጄኔራሉ ጾም አልነበረም?» አሉ። ርግቧ መጣች፣ ሄደች። የፖሊሱ አዛዥ አፋቸውን ሸፍነው አዛጉ። ዳይሬክተሩ ለመሳሳሙ ባርኔጣቸውን ጋረዱ።

ከዚያ ሰላዩ ጃንጥላውን ዘረጋ። አቶ ጌጡ ከግድግዳው ተላቀቀ። ሴቲቱ ጠየቀች፣ ሰላዩ መለሰ። ሹሙ ቀና ብለው አዩኝ።

«በበጋ ጃንጥላ የያዘ ሰው» አልሁ፣ «የሚጠብቀው ዝናብ አይደለም፤ ወሬ ነው።»

የአንሙት ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርሁም፣ አንድ ፊደል አላጎደልሁም።

ዝም። የሞተሩ ድምፅ ብቻ።

«ምን አሉ?» አሉ ሹሙ። ደገምሁላቸው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው ጌታዬ።»

ሹሙ ወደ ፖሊሱ አዛዥ ዞሩ፤ አዛዡ ትከሻቸውን ሰበቁ። «ታዲያ ይኼ ምኑ ነው የሚያስቀው?» አሉ ሹሙ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሚያስቅ አይደለም፣ ምክር ነው» አሉ። «ወሬ አትጠብቁ፣ የሰው ነገር አትልቀሙ ማለት ነው። ለወጣት የተገባ ተግሣጽ ነው። እኔስ ቆንጆ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

አቶ ጌጡ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ግን ምን ይበል? ጃንጥላ የያዝሁት እኔ ነኝ፣ ወሬ የምጠብቀው እኔ ነኝ ይበል? ዘግቶት ወጣ።

ፍርዱ ሳይውል ሳያድር ተሰጠ። ፊልሙ አሰልቺ ነው፤ መሳሳሙ ከተሸፈነ ግን ለወጣቶች ጎጂ ነገር የለበትም። አንሙት ለወደፊቱ ተመልካቹን ከመጠን በላይ እንዳያስቅ በቃል ተመክሮ ታለፈ።

ስወጣ ከመስኮቱ ሥር ከተማሪዎቹ ጋር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ሁሉን ሰምቷል። ተነስቶ ወደ እኔ ሲመጣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«እኔ አልችልም ነበር» አለ። «አንገቴ ላይ ሰይፍ ቢያደርጉብኝ ያን ቃል ሳላስቅ መናገር አልችልም ነበር። ጠፍቼ ነበር፣ ብርቄ።»

«እያላገጡብኝ ነው?» አልሁት።

«እመቤቴን! ስሚኝ። አንቺ ክፍል ስትገቢ ልጆቹ ዝም ይላሉ። እኔ ከዚያ ከግንቡ ወዲያ ሆኜ ያን ዝምታ እሰማዋለሁ። አስተማሪ ከሆንሁ ጀምሮ ማንም ዝም ብሎልኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንደ ብርቄ ብሆን እያልሁ ስቀና ነው የኖርሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅናቴን እንደ ቁስል ሸፍኜ ስይዝ፣ እሱ የራሱን በጠራራ ፀሐይ፣ በተማሪ ፊት አውጥቶ ሰጠኝ። እንዲያውም አማረበት። በመቅናትም በለጠኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ «አንተ» አልሁት።

ፊልሙ በታየ በዓመቱ አንሙትን ወደ ቆላ ትምህርት ቤት አዛወሩት። የዝውውሩን ምክንያት የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ግቢው ጸጥ አለልኝ፤ ግሡ ሳይቋረጥ ይጠና ጀመር። ተማሪዎቹ ግን ከትምህርት በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርበው ይቆማሉ። የእንግሊዝኛ ጥያቄ ያላቸው እየመሰለኝ ቀና ስል «እትዬ፣ ጋሼ አንሙት መቼ ነው የሚመለሱ?» ይሉኛል።

ኋላ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ እንጅባራ ተመለሰና እዚያው አረጀ። በሰርግም በለቅሶም እንገናኝ ነበር። ባገኘኝ ቁጥር አጠገቡ ያለውን ሰው ሁሉ ይጠራና «ነፍሴን ያዳነችኝ ይቺ ናት» ይላል። እንዴት እንዳዳንሁት ሲጠይቁት «ባለማሳቅ» ይላቸዋል፤ እነሱም በዚህ ይስቃሉ። እሱ ሲያወራው እኔ እንኳ የምገርም ሰው እሆን ነበር። እኔ ያንኑ ታሪክ ሳወራው ሰዎች ሰዓታቸውን ያያሉ።

የቀብሩ ዕለት ከዳንግላ በሚኒባስ ሄድሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አልበቃ ብሎ ሰው እስከ መንገዱ ፈስሷል። ከጥርባ፣ ከዘንገና፣ ከአዲስ ቅዳም በእግርም በፈረስም መጥተዋል። ለእኔ ፊት ለፊት ቦታ ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ ማንም አላየኝም። ከበስተኋላ ቅጥሩን ተደግፌ ቆምሁ።

አጠገቤ አንዲት የማላውቃት ሴት ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። ዕድሜዋ ከእኔ የሚያንስ፣ ከገጠር የመጣች መሰለችኝ። «ምኑ ነሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምኑም አይደለሁ» አለች። «ልጅ ሆኜ ያስተምረኝ ነበር። ግን ከሰው ሁሉ አብልጦ እኔን የሚወደኝ ይመስለኝ ነበር።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁት። ዕድሜዬን ሙሉ በአንሙት ስቀና ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን የቀናሁት በእሷ ነው። ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወደው እኔን ይመስለኝ ነበር።